ማህተም የሌላቸው ጥንታዊ የፈረንሳይ ጦር ጎራዴዎች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኞቹ የፈረንሳይ ወታደሮች ጎራዴዎች የተሠሩት በመንግሥት ፋብሪካዎች ነው። ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1730 በአልዛስ የተቋቋመው ክሊንገንታል ሲሆን፣ በ1819 የተመሠረተው ሻቴልሮ ቀስ በቀስ ቦታውን ወሰደ። የፋብሪካው ስም፣ ወርና ዓመት በጎራዴው ጀርባ ላይ በቀጭኑ ይቀረጻል፤ በብረቱና በእጅ መከላከያው ላይ ደግሞ የመርማሪዎች ትናንሽ ማህተሞች ይመታሉ።

ማህተም ማጣት ብቻውን ጎራዴውን ሐሰተኛ አያደርገውም። መኮንኖች በራሳቸው ገንዘብ ከግል ሠሪዎች ይገዙ ስለነበር ብዙዎቹ ጎራዴዎቻቸው የመርማሪ ምልክት የላቸውም። የወታደሩ ጎራዴ ጽሑፍም ጥልቀት ስለሌለው ተደጋጋሚ መወልወል ያጠፋዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጀርባውን ከጎን በሚመጣ ብርሃን በማጉያ መነጽር ማየት ይገባል፤ የሁለት ፊደላት ቅሪት እንኳ ትልቅ ማስረጃ ነው። የተገኘው ጽሑፍ ከዘመኑ አገዛዝ ጋር ይመሳከራል። ከ1816 እስከ 1848 «ንጉሣዊ»፣ ከ1852 በኋላ እስከ 1870 «ንጉሠ ነገሥታዊ» ይል ነበር። «ንጉሠ ነገሥታዊ፣ 1825» የሚል ጎራዴ ምንም ጽሑፍ ከሌለው ይልቅ ያጠራጥራል።

ዋናው ምስክር አሠራሩ ነው። ካሊፐር ይዞ የጀርባውን ውፍረት በሦስት ቦታ መለካት ይበቃል። በእጅ የተቀጠቀጠ የፈረሰኛ ጎራዴ በእጀታው ሥር 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ጫፉ እየሳሳ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ይደርሳል። ከወፍራም ላሜራ ተቆርጦ የወጣ ቅጂ ግን ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ሲያነሱትም ክብደቱ ወደ ጫፉ ያጋድላል። ቀጥሎ የእጀታው አናት ይታያል፦ የድሮው ብረት በእጀታው ውስጥ አልፎ አናቱ ላይ በመዶሻ ይደፈጠጣል፤ ብሎን ከተገኘ፣ በተለይ ከ1850 በፊት ነው በተባለ ጎራዴ ላይ፣ ዘመናዊ ሥራ ወይም ጥገና ነው። የመከላከያው ነሐስ በውስጥ በኩል የሞረድ ጭረት ሊኖረው ይገባል። ጌጦቹ ደብዝዘው፣ ጉድጓዶቹ በጥቃቅን አረፋ ተሞልተው ከታዩ ከሌላ ጎራዴ ቅርጽ ተወስዶ የፈሰሰ ነው።

ዕድሜን በአሲድ ማስመሰል የተለመደ ነው። የዚያ ዓይነቱ ዝገት ብርቱካናማና ልል ነው፤ እጅ በማይነካበት ስንጥቅም እጅ በሚያሻሸውም ቦታ እኩል ይታያል። የቆየ ዝገት ጥቁር ቡናማና ጠንካራ ነው።

አሮጌ መሆኑ የፈረንሳይ ነው አያሰኝም፤ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እጀታው አንድ ወጥ ነሐስ የሆነውን አጭሩን የእግረኛ ጎራዴ፣ ብሪኬን፣ ፕሩሲያና ሩሲያን ጨምሮ ብዙ አገሮች ሠርተውታል። በፈረንሳይ አብዮት የዘመን አቆጣጠር የ9ኛው ዓመት (1800–1801) የተባለው የፈረንሳዩ ሞዴል እጀታ 36 እርከን፣ የ11ኛው ዓመት (1802–1803) ደግሞ 28 እርከን አለው፤ ቆጠራው ሌላውን ሁሉ ይቀድማል። የ1822ቱን የቀላል ፈረሰኛ ጎራዴ ደግሞ አሜሪካኖች ለ1840 ሞዴላቸው አርአያ አድርገውታል፤ በጀርመን ዞሊንገን የተሠሩ ማህተም አልባዎቹም እስከ ዛሬ የፈረንሳይ ተብለው ይሸጣሉ። የፈረንሳዩ ስለት 92 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከሰፊው ቦይ ሌላ በጀርባው ጠርዝ የሚሄድ አንድ ጠባብ ቦይ አለው።

አፎቱም መታየት አለበት። በመጀመሪያ ሁለት የማንጠልጠያ ቀለበቶች ነበሩት፤ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ታችኛው ከብዙዎቹ ስለተነሳ የብየዳው ጠባሳ በብረቱ ላይ ይቀራል። ያ ጠባሳ ጉድለት ሳይሆን ጎራዴው በፈረንሳይ ጦር ውስጥ እንዳገለገለ የሚመሰክር ምልክት ነውና በሞረድ ሊነካ አይገባም።