አንጎልን በኤሌክትሪክ ነክቶ ሰውን ደግ ማድረግ ይቻላል?

"ሳይንቲስቶች የአንጎልን አንድ ቦታ ነክተው ሰውን ሕግ አክባሪ አደረጉት" የሚል ወሬ በየጊዜው ይዞራል። አንዳንዱ ይደነግጣል፤ ሌላው ደግሞ "ለእገሌ በደረሰው" ይላል። ሁለቱም ወገኖች ጥናቶቹ ያላሉትን ነገር ይዘው ነው የሚከራከሩት። እስቲ ወሬዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

"ሰውን በኤሌክትሪክ እያንዘፈዘፉ ነው"

አይደለም። እሱ በማደንዘዣ የሚሰጥ የከባድ ድብርት ሕክምና ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለት ሌሎች ዘዴዎች ነው። ቲኤምኤስ የሚባለው ጭንቅላት ላይ በሚያዝ ጥቅል ሽቦ የማግኔት ምት ይልካል። ቲዲሲኤስ ደግሞ በጨው ውሃ በራሰ ስፖንጅ በኩል ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር የሚሆን ደካማ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ብዙ ሰው የሚሰማው ማሳከክ ብቻ ነው።

"ስለ ትክክልና ስህተት ያለንን እምነት ይቀይራል"

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በ2006 የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። አንዱ ተጫዋች 20 የስዊስ ፍራንክ ከማያውቀው ሰው ጋር እንዲካፈል ይደረጋል። "ለአንተ 4፣ ለእኔ 16" ሊል ይችላል። ተቀባዩ እሺ ካለ እንደተባለው ይካፈላሉ፤ እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ታዲያ አብዛኛው ሰው ጥቅሙ ቢቀርበትም 4 ፍራንኩን አይቀበልም፣ ምክንያቱም ተናቅሁ ይላል። ተመራማሪዎቹ ከቀኝ ግንባር ጀርባ ወደ ጎን ያለውን የአንጎል ክፍል በቲኤምኤስ ለጊዜው ሲያዳክሙት ግን፣ የማስመሰያ ምት ብቻ ካገኙት ሰዎች ጋር ሲነጻጸር እንዲህ ያለውን ድርሻ የሚቀበለው በጣም በዛ።

ቆይ ግን፣ እነዚሁ ሰዎች "ይሄ አከፋፈል ፍትሐዊ ነው?" ተብለው ሲጠየቁ እንደሌሎቹ ሁሉ አይደለም ነው ያሉት! ግፉ ግፍ መሆኑ አልጠፋባቸውም። ፍርዳቸው እንዳለ ነው፤ የላላው ፍርዳቸውን ይዘው ጥቅማቸውን እምቢ የማለት አቅማቸው ነው። ያንኑ 4 ፍራንክ ያቀረበው ኮምፒውተር ሲሆን ደግሞ በቡድኖቹ መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም፤ ኮምፒውተር ሰውን አይንቅማ።

"የደግነት ማብሪያ ተገኘ"

እ.ኤ.አ. በ2013 ኢኮኖሚስቱ ኤርንስት ፌር ያሉበት የዙሪክ ቡድን ያንኑ የቀኝ ክፍል በቲዲሲኤስ ሲያነቃቃ ያገኘው ነገር ይሄን ሐሳብ ገደል ይከተዋል። ተሳታፊው ለሌላው የሚያካፍለው አንድ ጊዜ ቅጣት ሊመጣበት እንደሚችል እያወቀ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በራሱ ፈቃድ ብቻ ነው። ክፍሉ ሲነቃቃ ቅጣት ባለበት ጨመር አድርጎ ሰጠ፣ ቅጣት በሌለበት ግን ጭራሽ ቀነሰ። ክፍሉን ሲያዳክሙት ተገላቢጦሽ ሆነ። ፍትሐዊ ድርሻ የቱ እንደሆነ ሲጠየቁ ደግሞ መልሳቸው አሁንም አልተቀየረም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግኝት ይሄ ነው፤ ቅጣትን ፈርቶ መስጠትና ወዶ መስጠት ከውጭ ሲታዩ አንድ ቢመስሉም፣ አንጎል ውስጥ አንዱ ሲበረታ ሌላው ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው። ታዲያ የትኛውን ነው "ደግነት" ብለን የምናበራው?

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት እዚያው አካባቢ ሲነቃቃ ሰዎች ዳይ (ስድስት ገጽ ያለው የመጫወቻ ጠጠር) ጥለው ያገኙትን ቁጥር ለገንዘብ ብለው መዋሸታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ውሸቱ የሚጠቅመው ሌላ ሰውን ሲሆን ግን ለውጥ አልታየም። ይሄም ቢሆን ማብሪያ አይመስልም።

"ሳናውቀው ከሩቅ ሊያደርጉብን ይችላሉ"

የቲኤምኤስ ጥቅል ጭንቅላት ላይ ተጠግቶ መያዝ አለበት፤ ጉልበቱ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ይደክማል። የቲዲሲኤሱ ስፖንጅም ቆዳን ካልነካ አይሠራም። የአንድ ጊዜ ውጤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይጠፋል።

"ቀላል ከሆነማ ቤት ውስጥ ልሞክረው"

እባካችሁ ተዉት። በደንብ ያልተሠራ ዕቃ ቆዳ ያቃጥላል፣ ስፖንጁ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ደግሞ ያላሰባችሁትን ቦታ ነው የምትነኩት። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት የተተከለለት ሰውማ ያለ ሐኪም አጠገቡም መድረስ የለበትም።

"ጥናት ካሳየው አለቀ"

አላለቀም። ከቲዲሲኤሱ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ቆዳና አጥንት ላይ ይቀራል። የራስ ቅል ውፍረት ደግሞ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ያው መጠን በሁሉም ላይ እኩል አይሠራም። ብዙዎቹ ሙከራዎች በትንሽ ቡድን የተሠሩ ናቸው፤ ሲደገሙ ያው ውጤት ያልተገኘባቸውም አሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ስታዩ መጀመሪያ ስንት ሰው እንደተሳተፈና የማስመሰያ ቡድን እንደነበረ ፈልጉ። ከዚያ ሰዎቹ ያደረጉት ብቻ ነው የተመዘገበው ወይስ ያመኑበትም ለብቻው ተጠይቋል? ሁለተኛው ካልተጠየቀ፣ "እምነታቸው ተቀየረ" የሚለው ርዕስ የጋዜጠኛው ነው።