ከቃሪያ እስከ ሲጋራ ቁራጭ፦ ስለ ሐሳባዊ የዕቃዎች ፎቶግራፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐሳባዊ የዕቃዎች ፎቶግራፍ የሚባለው በየቤቱ የሚገኙ ተራ ዕቃዎችን አቀናብሮ በእነርሱ አማካይነት አንድን ሐሳብ የሚያሳይ የፎቶግራፍ ዘርፍ ነው። ሹካና ሳህን የማያውቅ ሰው ስለሌለ ስለ አሠራሩም ሁሉም የየራሱ ግምት አለው፤ አብዛኞቹ ግምቶች ግን ውሃ አያነሡም።

«ዕቃው ተራ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው።»

እንዲያውም ተራነቱ ሥራውን ያከብደዋል፤ ተመልካች የሚያውቀውን ነገር አይቶ ለማለፍ ይቸኩላልና። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተን እ.ኤ.አ. በ1930 «ቃሪያ ቁጥር 30» የተባለውን ዝነኛ ፎቶግራፉን ሲያነሣ ከፊቱ የነበረው አንድ የተጣመመ የፈረንጅ ቃሪያ ነበር። ቀደም ሲል ቃሪያዎችን ከጨርቅና ከነጭ ካርቶን ፊት እያስቀመጠ ሞክሮ አልረካም፤ በመጨረሻ ይህን ቃሪያ ፈሳሽ ለመገልበጥ በሚያገለግል ሰፊ የቆርቆሮ ፈነል ውስጥ አኖረው። የፈነሉ ጎባጣ ግድግዳ ብርሃኑን መልሶ በቃሪያው ጎንና እጥፋት ላይ ስለጣለው፣ ከጥቁሩ ዳራ ተለይቶ የወጣ፣ የሰው ትከሻና ጀርባ የሚመስል አካል ተገኘ። እንዲህ ከቅርብ የሚነሣ ነገር ፊቱ ሲጠራ ጀርባው ስለሚደበዝዝ፣ የሌንሱን ቀዳዳ እጅግ አጥብቦ ብርሃኑን ለረዥም ጊዜ ማስገባትም ግድ ነበር። (ዌስተን ሞዴሎቹን ቃሪያዎች ከሥራ በኋላ ይበላቸው ነበር፤ በዚህም ሳይቀልዱበት አልቀሩም።)

«ውድ ካሜራና ስቱዲዮ ያስፈልጋል።»

አያስፈልግም። ከጎን የሚገባ የመስኮት ብርሃን፣ በተቃራኒው በኩል ጥላውን የሚያለሰልስ ነጭ ካርቶንና የማይነቃነቅ ማስቀመጫ ከተገኙ ስልክም ይበቃል። የክፍሉን አምፖል ማጥፋት ግን መረሳት የለበትም፤ አለዚያ የአምፖሉ ቢጫነትና የቀኑ ብርሃን ሰማያዊነት በአንድ ነጭ ሳህን ላይ ተቀላቅለው ቀለሙን ያበላሹታል።

«ሐሳባዊ ከሆነ ያለ ማብራሪያ አይገባም።»

የማድሪዱ ተወላጅ ቼማ ማዶዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የስፔንን ብሔራዊ የፎቶግራፍ ሽልማት ያገኘው፣ ለሥራዎቹ ርዕስ እንኳ አይሰጥም። በአንዱ ፎቶግራፉ ላይ በመንገድ የውሃ መውረጃ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ሳህኖች ልክ በወጥ ቤት መደርደሪያ እንደሚሰካኩ ተሰካክተው ይታያሉ። የምንበላበት ንጹሕ ዕቃና የቆሻሻ ውሃ መውረጃው አንድ ቅርጽ መጋራታቸውን ለመረዳት ጽሑፍ አያሻም። በእኔ ግምት ረዥም ማብራሪያ የሚጠይቅ ፎቶግራፍ፣ ብዙውን ጊዜ ሐሳቡ ወደ ዕቃው ሳይገባ በፎቶግራፈሩ ራስ ውስጥ የቀረ ነው።

«ይህ ሁሉ የፎቶሾፕ ሥራ ነው።»

ማዶዝ በፊልም፣ በጥቁርና ነጭ፣ በተፈጥሮ ብርሃን የሚሠራ ሲሆን፣ የሚያነሣቸውን እንግዳ ነገሮች አስቀድሞ በእጁ ይገጣጥማቸዋል። ስዊዘርላንዳውያኑ ፒተር ፊሽሊና ዴቪድ ዋይስም ከ1984 እስከ 1986 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት ጠርሙስ፣ ወንበር፣ ጫማና አትክልት ያለ ማጣበቂያ እርስ በርስ እያደጋገፉ አቆሙ፤ ክምሩ ተንዶ ከመፍረሱ በፊትም አነሡት። ፎቶግራፎቹ የታዩት ፎቶሾፕ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ነው።

«ዕቃው የሚያምር ወይም ባህላዊ መሆን አለበት።»

ለቮግ መጽሔት የፋሽን ፎቶግራፎችን ያነሣ የነበረው ኢርቪንግ ፔን እ.ኤ.አ. በ1972 ከኒው ዮርክ ጎዳናዎች የተለቀሙ የሲጋራ ቁራጮችን አንሥቶ፣ ብዙ ጊዜና ጥንቃቄ በሚጠይቀው የፕላቲኒየም ኅትመት አተማቸው፤ በ1975 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ታይተዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ፎቶው ላይ ጀበና ወይም መሶብ ካልገባ ሥራው ኢትዮጵያዊ የማይሆን የሚመስላቸው አሉ። ጀበና መጥፎ ምርጫ ነው ማለት አይደለም፤ ችግሩ ትርጉሙን ይዞ መምጣቱ ነው፤ ተመልካቹ «ቡና» ብሎ ስለሚያልፈው ቅርጹን አያየውም። በየጓዳው ያለው ቢጫ ጀሪካን፣ ማንም ትኩር ብሎ ስለማያየው ይበልጥ ምቹ ነው።

«ከማስታወቂያ ፎቶግራፍ አይለይም።»

በቴክኒክ አይለይም፤ ፔን ራሱ «ክሊኒክ» ለተባለው የመዋቢያ ምርቶች ድርጅት ለብዙ ዓመታት የማስታወቂያ ፎቶግራፎችን አንሥቷል። የቅባቱ ብልቃጥ ግን ገዢ ይፈልግ ነበር፤ የሲጋራው ቁራጭ ተመልካች ብቻ።