ዲጂታል የግንባታ ፈቃድ በደሴና በኮምቦልቻ

ዲጂታል የግንባታ ፈቃድ የሚባለው ባለይዞታው ማመልከቻውንና ፕላኑን በኮምፒውተር የሚያስገባበት፣ ባለሙያዎች በስክሪን ላይ የሚመረምሩበት፣ ከመሠረት ቁፋሮ እስከ መጠቀሚያ ፈቃድ ያለው ቁጥጥር ሁሉ በአንድ ፋይል የሚመዘገብበት አሠራር ነው። ወረፋ መቀነሱ ጥሩ ነው። ነገር ግን የወረቀቱን ፕላን ስካን አድርጎ በኢንተርኔት መቀበል ብቻውን ሕንፃ አያቆምም። ዋናው ጥያቄ ፋይሉ ከመሬቱ ጋር መገናኘቱ ነው፤ ይህን ከደሴ በተሻለ የሚያስረዳ ከተማ ደግሞ ጥቂት ነው።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ተዳፋቱን ይዛ የተሠራች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ 1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ሜዳማ ናት፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉትም እዚያው ነው። አንዱ ሶፍትዌር ለሁለቱም ሊያገለግል ይችላል፤ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ግን አንድ ዓይነት ሊሆኑ አይገባም።

የቁጥጥሩ መሠረት ሆኖ የቆየው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያስቀመጠው የሦስት ምድብ አከፋፈል ነው። በምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያላለፈ ባለ አንድ ወለል ቤት ምድብ «ሀ» ነው። ርቀቱ ከዚያ ካለፈ ወይም ወለሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ «ለ» ይገባል። የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካ፣ ወርክሾፕ ወይም ከመሬት 12 ሜትር በላይ የሚወጣ ማንኛውም ሕንፃ «ሐ» ነው። ኮምቦልቻ ላይ ምድቡን መለየት ቀላል ነው፦ መጋዘኑ ሰፊ ስለሆነ 7 ሜትሩን ያልፋል፣ ፋብሪካው ደግሞ ቁመቱ ምንም ይሁን ምን «ሐ» ነው።

ደሴ ላይ ግን «ከመሬት» ማለት ከየትኛው መሬት? 20 ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ 30 በመቶ ቢያዘቀዝቅ በላይኛውና በታችኛው ጫፍ መካከል 6 ሜትር ልዩነት አለ። ከላይኛው መንገድ ሲታይ 9 ሜትር የሆነ ሕንፃ ከታች ላለው ጎረቤት 15 ሜትር ነው። ማመልከቻው ላይ «የሕንፃው ቁመት» የሚል አንድ ሣጥን ብቻ ካለ አመልካቹ የሚጽፈው 9ን እንደሚሆን አያጠራጥርም። ስለዚህ ቅጹ የአራቱንም ማዕዘን የተፈጥሮ መሬት ከፍታ መጠየቅ፣ ቁመቱንም ሲስተሙ ራሱ ማስላት አለበት። ከሳተላይት በነፃ የሚገኘው፣ ለየ30 ሜትሩ አንድ ከፍታ ብቻ የሚሰጠው መረጃ ለዚህ አይበቃም፤ አንዱ ነጥብ ብቻ ከአንድ ቦታ ስለሚሰፋ። ሰርቬየር ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቅየሳ መሣሪያ ቢለካው ይመረጣል።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት የኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታውን በካርታ ላይ የሚያመለክቱት ቁጥሮች ነው። የአገራችን የካርታ ሥራ ለረጅም ጊዜ የቆየው አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ (ዳተም) ላይ ሲሆን፣ ስልክና ተራ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ይሰጣሉ። ሁለቱም ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ሥርዓት በዞን 37 ቢጻፉም ቁጥሮቻቸው ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ሣይት ፕላኑ በአንዱ፣ የኢንስፔክተሩ ስልክ በሌላው ከሠራ የአንዱ ሰው ቦታ ጎረቤት ሰፈር ላይ ይወድቃል፤ ወይም ሲስተሙ ትክክለኛውን ፎቶ «ከቦታው ውጭ የተነሳ» ብሎ ይጥለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መነሻውን ሰው እንዲመርጥ አለመተው፣ ልወጣውን ማሽኑ እንዲሠራ ማድረግ።

ኮምፒውተር ጥሩ አድርጎ የሚመረምረው በቁጥር የሚገለጸውን ነው፦ ከወሰን የመራቅ መጠን፣ የግንባታው ስፋት ከቦታው ስፋት ጋር ያለው ምጣኔ፣ የወለል ብዛት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የደረጃ ስፋት። ለዚህም ፕላኑ በፒዲኤፍ ብቻ ሳይሆን ሌየሩ (የሥዕሉ ንብርብር) በሥርዓት በተሰየመ የካድ (የኮምፒውተር ንድፍ) ፋይል መግባት አለበት። ሲንጋፖር ኮርኔት የተባለውን የኢንተርኔት ማስገቢያ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ራሱን የቻለ የማሽን ምርመራ ግን እዚያም ቢሆን ከባድ ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

ማሽኑ የማያውቀው አፈሩን ነው። ደሴ ላይ ለመሠረት ተብሎ የተዳፋቱ እግር ሲቆረጥ፣ የጣሪያ ውኃና የመጸዳጃ ጉድጓድ ፍሳሽ ደግሞ ከላይ ሲሰርግ፣ ሸክላማው አፈር በክረምት ይንሸራተታል። ጉዳቱም ከቆፋሪው ይልቅ ከበላይ ባለው ቤት ላይ ይብሳል። በዚህ ላይ አካባቢው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፤ በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ ባለችው ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ስለዚህ የመሬት መንሸራተት ካርታ በሲስተሙ ውስጥ አንድ ሌየር ሆኖ ቢገባ፣ ቦታው በካርታው ላይ አደገኛ ተብሎ በቀይ በተለየው ክልል ሲያርፍ የአፈር ምርመራና የድጋፍ ግንብ ዲዛይን ካልተያያዘ ማመልከቻው ወደፊት እንዳይሄድ ማድረግ ይቻላል። የውኃ ማስወገጃው ፕላንም ከስትራክቸሩ እኩል መታየት አለበት።

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ያለው ቁጥጥር ከፈቃዱ ይበልጣል። አርማታ ከተሞላ በኋላ ፌሮው (ብረቱ) አይታይምና ወሳኞቹ ሰዓታት ከመሠረቱና ከሶሌታው (ከወለሉ አርማታ) ሙሌት በፊት ያሉት ናቸው። ኢንስፔክተሩ ስልኩን ይዞ ካሴፎርማው (የአርማታው ቅርጽ ማውጫ) ላይ ይወጣል፣ ሜትሩን ስታፋው (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) ላይ ይዘረጋል፣ ፎቶ ያነሳል። ፕላኑ ከቢሙና (ከአግዳሚው) ከኮለኑ (ከቋሚው ምሰሶ) መገናኛ አጠገብ በየ10 ሳንቲ ሜትር ያለው ስታፋ በተግባር በየ20 ከታሰረ ሙሌቱ ይታገዳል። ፎቶው ከጋለሪ ሳይሆን በቀጥታ ከመተግበሪያው ካሜራ መነሳት አለበት፤ የአምናው ሕንፃ ፎቶ ለዘንድሮው እንዳይላክ። መብራትና ኔትወርክ በሚቋረጥበት ቦታ መረጃው ስልኩ ላይ ተቀምጦ በኋላ የሚላክ ካልሆነ ኢንስፔክተሩ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ለጥንካሬ ፈተና የሚወሰደው የኮንክሪት ኩብ የ7 እና የ28 ቀን ውጤትም ከቤተ ሙከራው በቀጥታ ቢገባ እንጂ በባለቤቱ እጅ ተይዞ ባይመጣ ይሻላል።

አማርኛ የራሱን ጣጣ ያመጣል። ወሎ ውስጥ በመሐመድ፣ በሐሰን፣ በሰይድ ስም የተከፈተ ፋይል ብዙ ነው፤ ያውም አንዱ ጸሐፊ «ሀሰን»፣ ሌላው «ሐሰን» ይላል። ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን እኩል ካልቆጠረ ፋይሉ እያለ «የለም» ይባላል። ከስም ይልቅ ለእያንዳንዱ ይዞታ በተሰጠው መለያ ኮድ መፈለግ ይሻላል፤ የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ያመጣው ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው። የቀን መቁጠሪያውም እንዲሁ ነው። ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር 12 ወር ብቻ ስለሚያውቅ ጳጉሜን 3 የተሰጠን ፈቃድ መመዝገብ አይችልም፤ ሠራተኛው መስከረም 1 ብሎ ይሞላዋል፣ የፈቃዱ ማብቂያም አብሮ ይዛባል።

ሕጉ አይከለክልም፦ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ ክፍያው በቴሌብር ሊፈጸም ይችላል። ግንባታው ፊት በሚቆመው ታፔላ ላይ የሚለጠፍ ኪው አር ኮድ የፈቃዱን ቁጥር፣ ምድቡንና የተፈቀደውን ወለል ብዛት ለጎረቤት ቢያሳይ ጥሩ ቁጥጥር ነው። የቤቱን የውስጥ ፕላን ግን ማሳየት የለበትም፤ መኝታ ቤቱ የት እንደሆነ መንገደኛ ሁሉ ማወቅ የለበትም።

ቅጂው ደግሞ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሰርቨሩ ፋይሎቹ ባሉበት ሕንፃ ውስጥ ብቻ ካለ ወረቀቱን የሚያጠፋው አደጋ ዲጂታሉንም አብሮ ይወስደዋል።