በግልገል ግቤ ሐይቅ ዳርቻ ስለሚደረግ የእግር ጉዞ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የግልገል ግቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በከርሳ፣ በኦሞ ናዳ፣ በጢሮ አፈታ እና በሰኮሩ ወረዳዎች መካከል የተኛ ሰፊ ውኃ ነው። የከተማችን ነዋሪዎች፣ በተለይም ወጣቶች እና ተማሪዎች፣ በእረፍት ቀን ወደ ዳርቻው ወጣ ብለው በእግር መንሸራሸር ቢወዱም፣ ስለ ስፍራው ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያስጠነቅቀው ከማያሰጋው ነገር ነው። ጎብኚው ጥልቁን ውኃ ሲፈራ፣ በእርግጥ የሚያሰጋው እግሩ ሥር ያለው ጠርዝ ሆኖ ይገኛል። ከእነዚህ አመለካከቶች ዋና ዋናዎቹን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

«ሐይቁ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው።»

ውኃው ከአካባቢው ኮረብታዎች ጋር ተዋሕዶ ስለሚታይ ብዙ ወጣቶች እንዲህ ይመስላቸዋል። እውነታው ግን ሐይቁ የተፈጠረው 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራውና በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ግቤ ቁጥር አንድ ግድብ ወንዙን ከገታው በኋላ ነው። ዛሬ ውኃ የሸፈነው ሸለቆ ቀደም ሲል የሚታረስና ከብት የሚሰማራበት መሬት ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከዚያ ተነሥተው በሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። በዳርቻው የሚያገኟቸው አዛውንቶች በእጃቸው ወደ ውኃው እያመለከቱ ስለ ቀድሞ ማሳቸው ቢያወሩ፣ የሚናገሩት ስለዚህ ነውና ጊዜ ወስዶ ማዳመጥ ይገባል።

«ወባ የሚመጣው ከሐይቁ ነው፤ ከውኃው ራቅ ብሎ የሄደ አይነካውም።»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ግማሽ መሆኑ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,670 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ወባ በሚከሰትበት ከፍታ ውስጥ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2001 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ለግድቡ ቅርብ በሆኑ መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ የመያዛቸው ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን የአካባቢው ዋነኛ አስተላላፊ የሆነችው አኖፊለስ አረቢየንሲስ የምትባለው ትንኝ ማዕበል በሚመታው ሰፊና ጥልቅ ውኃ ውስጥ አትራባም። የምትመርጠው ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ያልጠለለና ያልተንቀሳቀሰ ትንሽ ውኃ ነው።

ይህን በዐይን ማየት ይቻላል። ከክረምት በኋላ ሐይቁ እየሸሸ ሲሄድ ከብቶች ለመጠጣት በሚወርዱበት ጭቃ ላይ የኮቴ ቦታዎች ውኃ ይዘው ይቀራሉ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ጎንበስ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆነው የተጋደሙ፣ ከሩዝ ፍሬ የቀጠኑ እጮችን ሊያገኝ ይችላል። ጥላው ሲያርፍባቸው ብትን ብለው ወደ ታች ይወርዳሉ። ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው በሰያፍ የሚንጠለጠሉት ግን የሌላ ዓይነት ትንኝ እጮች ናቸው። እንግዲህ አደጋው የሚለካው ከሐይቁ መሃል ባለው ርቀት ሳይሆን በእነዚህ ትናንሽ ጉድጓዶችና በመንደሮቹ ቅርበት ነው፤ ከውኃው አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ የሸክላ አፈር ጉድጓድ ውስጥም ትንኟ ልትራባ ትችላለች።

ለተጓዥ ከዚህ የሚከተለው ነገር ሰዓትን መጠበቅ ነው። ትንኟ የምትነክሰው በአብዛኛው ከፀሐይ መግቢያ በኋላ ስለሆነ ቀን ተጉዞ ከመምሸቱ በፊት መመለስ፣ ማደር ግድ ከሆነም ረጅም እጅጌ ልብስ መልበስና በአጎበር ውስጥ መተኛት ያስፈልጋል። በተለይ የሚያሳስበኝ ከጉዞ በኋላ የሚደርሰው ነው፦ ወባ ምልክት የሚያሳየው ከተነከሱ ከሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ ሐይቁ ዳር ሄዶ እንደነበር ለባለሙያው መናገር አለበት። ብዙዎች ጉዞውን ከትኩሳቱ ጋር ስለማያያይዙት ሳይናገሩ ይቀራሉ፤ ለምርመራ መዘግየትም ምክንያት ይሆናል።

«ውኃው ጥርት ካለ እግርን መንከር፣ መታጠብም አይጎዳም።»

የቢልሃርዚያ ትል እጮች በዐይን አይታዩም፤ ጥርት ባለ ውኃ ውስጥም ይኖራሉ። እጮቹ ከሚያድጉበት ቀንድ አውጣ ወጥተው በሰው ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት የሚገቡት በደቂቃዎች ውስጥ ሲሆን፣ ሣር በበዛበት፣ ውኃው በማይንቀሳቀስበትና በማይጠልቅበት ዳርቻ፣ በተለይም ፀሐይ በበረታችበት ቀትር ይበረታሉ። ሰው እግሩን ለማቀዝቀዝ የሚመርጠው ቦታና ሰዓትም ይኸው ነው። በጅማ ከተማ ውስጥና ዙሪያ በሚፈሱት እንደ አዌቱ ባሉ ወንዞች አቅራቢያ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የአንጀት ቢልሃርዚያ መኖሩ በጥናት ስለታወቀ፣ በሽታው ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ሕክምናው ፕራዚኳንቴል የተባለ ፍቱን መድኃኒት ነው፤ ጉዳቱ የሚከፋው ሳይታወቅ ለዓመታት ሲቆይ ነው። ስለዚህ ጫማ ሳያወልቁ መሄድና ለመጠጥ የፈላ ወይም የታሸገ ውኃ ከቤት ይዞ መውጣት ይሻላል።

«ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ ሰው ላይ አይደርስም።»

ጉማሬ ሣር በል መሆኑ እውነት ነው፤ ሰው ላይ አይደርስም የሚለው ግን ሐሰት ነው። ቀኑን በውኃ ውስጥ አሳልፎ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ ሲነጋጋ ደግሞ በለመደው ዱካ ወደ ውኃ ይመለሳል። ጥቃት የሚያደርሰው በአብዛኛው ሰው በእርሱና በውኃው መካከል ሲገባበት ወይም ጥጃ የያዘች እናት ስትደናገጥ ነው። ጉማሬ ለማየት ሐይቁ ድረስ መሄድም የግድ አይደለም፤ ከጅማ ከተማ ጫፍ ባለው የቦዬ ረግረግ ይኖራል። በሁለቱም ቦታ ደንቡ አንድ ነው፦ በሣሩ ውስጥ ሰፋ ብሎ የተረገጠ፣ ወደ ውኃው በቀጥታ የሚወርድ ዱካ ካዩ በዚያ ላይ አይቀመጡ፤ ማለዳና ምሽትም ከዳርቻው ይራቁ።

«ዝናብ ካቆመ ዳርቻው ይደርቃል፤ እንደልብ ይሄዱበታል።»

ሐይቁ የሚሞላው በክረምቱ መጨረሻ ስለሆነ በመስከረምና በጥቅምት ውኃው ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ኃይል ለማመንጨት ሲለቀቅ እየቀነሰ ይሄድና የነበረበትን ቦታ ሰፊ ጭቃ አድርጎ ይተወዋል። ከተፋሰሱ የሚታጠበው አፈር በየዓመቱ እየተጨመረ ስለሚያድር፣ ላዩ ተሰነጣጥቆ የደረቀ የሚመስለው ደለል ከሥሩ ለስላሳ ሆኖ ሰውን እስከ ጉልበት ሊውጥ ይችላል። የከብቶች ዱካ የበዛበትን መስመር መከተል ከማንኛውም ምክር ይበልጣል፤ ከብት ያልረገጠው አዲስ ጭቃ ላይ አለመውጣት ነው።

«ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ ስለሳሳ ተሻግሮ መሄድ ይቻላል።»

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ስለዚህ ነው። የግልገል ግቤ ውኃ ከግድቡ እንደወጣ ወደ ተርባይኖቹ የሚሄደው በወንዙ አልጋ ሳይሆን ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ የመሬት ውስጥ ዋሻ ነው። ስለዚህ በግድቡና ዋሻው በሚወጣበት ቦታ መካከል ያለው ወንዝ በበጋ ድንጋዩ ታይቶ፣ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ሐይቁ ሲሞላ ትርፉ ውኃ በማስተንፈሻው በር ይለቀቃል፤ በዚያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ወንዙ በድንገት ሊሞላ ይችላል። በወንዙ አልጋ ውስጥ አለመቀመጥ፣ ልጆችንም እዚያ አለማጫወት ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ግድቡና የኃይል ማመንጫው ጥበቃ የሚደረግላቸው ተቋማት ስለሆኑ፣ ወደ እነርሱ መጠጋትና ፎቶግራፍ ማንሳት ቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል።

«መሬት የመንግሥት ስለሆነ ማንም በፈለገው ቦታ ይሄዳል።»

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑን ሲደነግግ፣ በዚያው አንቀጽ አርሶ አደሩ በይዞታው የመጠቀምና ያለመነቀል መብት እንዳለውም ያስቀምጣል። ስለዚህ የበቆሎና የጤፍ ማሳ መካከል ተሻግሮ መሄድ የሰውን ሀብት መርገጥ ነው፤ በተለይ ጤፍ ከተረገጠ አይነሣም። በማሳ ዳር ያለውን የእግር መንገድ መያዝ፣ መንገዱ ካልታወቀም «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ መጠየቅ በቂ ነው፤ አብዛኛው ሰው መንገዱን ከማሳየት አልፎ የጉማሬ ዱካ የት እንደሆነና የትኛው ጭቃ እንደሚያሰምጥ ጨምሮ ይነግራል።