ብሎግና ፖድካስት፡ ከየት ተነስተው አሁን የት ደረሱ

ብሎግ ይነበባል፣ ፖድካስት ይደመጣል፣ ስለዚ ብዙ ሰው ሁለቱን የማይገናኙ ነገሮች ያደርጋቸዋል። ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ያሳደገቻቸውም አርኤስኤስ የምትባል ተጠቃሚው ስሟን እንኳ ሳይሰማ የሚጠቀምባት ቴክኖሎጂ ናት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

"ዌብሎግ" የሚለውን ቃል በ1997 መጨረሻ ያወጣው ጆርን ባርገር የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ሲዞር ያገኛቸውን ሊንኮች በየቀኑ ይመዘግብ ስለነበር። በ1999 ፒተር መርሆልዝ ቃሉን ለቀልድ ሌላ ቦታ ላይ ቆረጠውና "ዊ ብሎግ" አለው፣ ቀልዱ ተረሳ ብሎግ የሚለው ቀረ። በዛው ዓመት ኦገስት ላይ ብሎገር የሚባለው የብሎግ መክፈቻ አገልግሎት መጣ። ከዛ በፊት የራስህን ገጽ ልትከፍት ብትል ኮድ መጻፍ፣ ፋይል ሰርቨር ላይ መጫን ምናምን ነበረብህ፣ ብሎገር ላይ ግን ሳጥኑ ውስጥ ትጽፋለህ፣ አንዴ ትነካለህ፣ ወጣ። በ2003 ጎግል ገዛው፣ በዛው ዓመት ሜይ ላይ ደግሞ ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል ዎርድፕረስ የሚባለውን የብሎግ መሥሪያ ሶፍትዌር ለቀቁ። ዛሬ ከዓለም ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የቆሙት ዎርድፕረስ ላይ ነው፣ "ብሎግ ሞቷል" የሚለው ጽሑፍ ራሱ ብዙ ጊዜ እዛው ላይ ተጽፎ ነው የምታገኘው።

አሁን የአርኤስኤስ ሥራ ወደሆነው ፊድ እንምጣ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ፊድ ማለት ገጹ አዳዲስ ጽሑፎቹን የሚዘረዝርበት አንድ ተራ ፋይል ነው፣ የአንባቢው አፕ እየሄደ ያየዋል፣ አዲስ ነገር ካለ ያመጣለታል፣ በቃ። መሀል ላይ ይሄን አሳይ ያን ደብቅ የሚል አልጎሪዝም የለም። የሶፍትዌር ሰሪው ዴቭ ዋይነር እዚ ፋይል ውስጥ የድምፅ ፋይል ሊንክ የሚገባበት ቦታ ጨመረ፣ በ2003 ጋዜጠኛው ክሪስቶፈር ላይደን ቃለ መጠይቆቹን በዚ መንገድ መልቀቅ ጀመረ፣ በ2004 ደግሞ የቀድሞው የኤምቲቪ አቅራቢ አዳም ከሪ ድምፁ በራሱ ወርዶ አይፖድ (የአፕል የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ) ላይ እንዲጫን ያደረገውን አይፖደር የሚባል ፕሮግራም ይዞ መጣ። ፖድካስት የሚለውን ስም ጋዜጠኛው ቤን ሀመርስሊ የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ በፌብሩዋሪ 2004 እንደ ዋዛ ጥሎት ነው የሄደው፣ አይፖድና ብሮድካስትን አዳቅሎ። በ2005 ጁን አፕል አይቲዩንስ ውስጥ ሲያስገባው ነገሩ ከወዳጆቹ ክበብ ወጣ።

ከዛ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። በጁላይ 2013 ፊዶችን ሰብስቦ የሚያስነብበው ጎግል ሪደር ተዘጋ፣ የብሎግ አንባቢም ፌስቡክና ትዊተር የሚያሳየውን ማንበብ ለመደ። ፖድካስት ግን በ2014 አንድ ታሪክ በተከታታይ የሚተርከው "ሲሪያል" መጥቶ ሰዉ ቀጣዩን ኤፒሶድ እንደ ድራማ ሲጠብቅ፣ ገንዘቡም ተከትሎ መጣ፣ ስፖቲፋይ በ2019 ጊምሌትና አንከር የሚባሉትን የፖድካስት ድርጅቶች ገዛ፣ በ2020 ከታዋቂው ፖድካስተር ጆ ሮጋን ጋር ተፈራረመ። ብሎጉም በኢሜይል በኩል ተመለሰ፣ ከ2017 ጀምሮ ሰብስታክ በሚባለው አገልግሎት ላይ ያሉት ኒውስሌተሮች (በኢሜይል የሚላኩ ጽሑፎች) እኔ እንደሚገባኝ ስማቸውን የቀየሩ ብሎጎች ናቸው፣ አንባቢው ስለሚከፍል ብቻ ነው አዲስ የሚመስሉት።

የቅርቡን ያየን እንደሆነ፣ አፕል በ2023 በአይኦኤስ 17 (በአይፎን ሲስተም) በራሱ የሚወርደውን ኤፒሶድ ሲቀንስ የብዙ ትልልቅ ፖድካስቶች ዳውንሎድ ቁልቁል ሄደ። አድማጭ ስለጠፋ አይደለም፣ ወርዶ ማንም የማይሰማው ነገር ሲቆጠር ስለነበረ ነው። በ2024 ጎግል ፖድካስትስ ተዘግቶ ተጠቃሚው ወደ ዩቲዩብ ሚዩዚክ ተላከ፣ በ2025 መጀመሪያ ዩቲዩብ በወር ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ፖድካስት እንደሚያይበት ተናገረ። እንደሚያይ ነው ያልኩት፣ አሁን ሁለት ሰው ማይክ ፊት ተቀምጦ ካሜራ ከተከፈተ ፊድ ኖረው አልኖረው ፖድካስት ይባላል። ኧረ ሰውም ላያስፈልግ ነው፣ የጎግሉ የኤአይ መሣሪያ ኖትቡክኤልኤም ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የሰጠኸውን ሰነድ የሁለት ሰው ወሬ አድርጎ በኤአይ ድምፅ ያወራልሃል።

የፊድ ጥቅም የሚታየው ቤት ስትቀይር፣ ማለትም ሥራህን ወደ ሌላ ድርጅት ስትወስድ ነው። ታይፕፓድ የሚባለው ከ2003 ጀምሮ የነበረ የብሎግ አገልግሎት በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ሲዘጋ ጸሐፊዎቹ ጽሑፋቸውን ለማውጣት የተሰጣቸው አንድ ወር ገደማ ነበር። ፖድካስተር ግን ፊዱን ያስቀመጠበትን ድርጅት ሲቀይር አሮጌው አድራሻ ላይ ሪዳይሬክት ያደርጋል፣ የአድማጮቹ አፖች በራሳቸው ወደ አዲሱ ይዞራሉ፣ አድማጩ ምንም አያውቅም፣ የሚቀጥለው ኤፒሶድ እንደወትሮው ይመጣለታል። የዩቲዩብ ሰብስክራይበርን እንደዚ ይዞ መሄድ አይቻልም።