ወቅታዊው የመናፍስት ቤት፦ ታሪኩ፣ የውስጥ አሠራሩና አጎበኛኘቱ

የመናፍስት ቤት ሰው ትኬት ቆርጦ ለመደንገጥ የሚገባበት መዝናኛ ነው። በተለይ በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ፣ ማለትም በሃሎዊን (ኦክቶበር 31 የሚውለው የመናፍስትና የማስፈራሪያ በዓል) ዙሪያ ባሉት ሳምንታት ይከፈታል። ቤት ይባል እንጂ አብዛኛው ባዶ መጋዘን ወይም የተዘጋ ሱቅ ውስጥ በጣውላ የተከፋፈለ ጠመዝማዛ መተላለፊያ ነው።

ሥረ መሠረቱ አውሮፓ ነው። በ1790ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሮበርትሰን በሚል ስም የታወቀው ኤቲየን ጋስፓር ሮቤር ፓሪስ ውስጥ የምስል ፋኖስ፣ ማለትም ሥዕልን በብርሃን መጋረጃ ላይ የሚጥል መሣሪያ፣ በመንኮራኩር ላይ ጭኖ ከመጋረጃ ጀርባ ወደፊትና ወደኋላ በመግፋት፣ መንፈሱ እየገዘፈ ወደ ተመልካቹ የሚመጣ ያስመስል ነበር። በ1862 ለንደን ላይ የታየው «የፔፐር መንፈስ» ደግሞ ሰያፍ በቆመ መስታወት የተደበቀ ተዋናይን ነጸብራቅ መድረክ ላይ ያሳያል፤ ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል። በ1915 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው የኦርተንና ስፑነር የመናፍስት ቤት እስከ ዛሬ ከተረፉት ቀደምቶች አንዱ ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካውያን ወላጆች ልጆቻቸውን ከሃሎዊን ሌሊት ረብሻ ለማራቅ ምድር ቤታቸውን የሚያስፈራ አድርገው ያዘጋጁ ነበር። በ1969 ዲዝኒላንድ የተባለው የመዝናኛ ፓርክ የራሱን የመናፍስት ቤት ሲከፍት ጎብኚውን በሠረገላ አስቀመጠው። በ1970ዎቹ ጄይሲስ የተባለው የወጣቶች ማኅበር ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰቢያነት በየከተማው አስፋፋው።

ሙያውን ከሁሉ በላይ የለወጠው ግን ሜይ 11 ቀን 1984 በኒው ጀርሲ ሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር በተባለ የመዝናኛ ፓርክ የደረሰው እሳት ነው። «ሆንትድ ካስል» የተባለው ቤት የጭነት ተጎታቾች ተገጣጥመው የተሠራ ሲሆን በእሳት ጊዜ ራሱ የሚረጭ የውሃ መስመር አልነበረውም። ስምንት ወጣቶች ሞቱ። በሰፊው የሚነገረው ምክንያት አንድ ጎብኚ በጨለማ መንገዱን ለማየት የለኮሰው ላይተር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ መንካቱ ነው፤ የፓርኩ ወገን ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው ሲል ተከራክሯል። ፍርድ ቤት ኩባንያውን በ1985 ነጻ ቢለቀውም፣ የአሜሪካ የእሳት ደህንነት ደንብ እንዲህ ያሉትን ቤቶች ለይቶ ማየት ጀመረ፦ ውሃ ረጪ ይገጠማል፣ ጌጡ እሳት በቀላሉ የማይዘው ይሆናል፣ ጭስ ሲታወቅ ደግሞ የትርኢቱ ድምፅ ቆሞ የመውጫው መብራት ይበራል።

በፊላደልፊያ በ1829 ተከፍቶ በ1971 የተዘጋው ኢስተርን ስቴት እስር ቤት ከ1991 ጀምሮ ለሃሎዊን በሩን እየከፈተ ገቢውን ለሕንፃው ጥበቃ አውሏል። ያ ግድግዳ ያለ ጌጥም ያስፈራል።

ከውስጥ ሲታይ ሥራው ሰው የማንቀሳቀስ ሥራ ነው። ጎብኚዎች በትንንሽ ቡድን፣ በደቂቃ ገደማ ልዩነት ይለቀቃሉ። የፊተኛው ቡድን ፈርቶ ከቆመ የኋለኛው ይደርስበታል፤ ተዋናዩም ወደ መደበቂያው ሳይመለስ ይገኛል፣ ድንጋጤውም ይከሽፋል። ስለዚህ መሃል ላይ የኋለኛውን ቡድን በወሬ የሚያዘገይ ተዋናይ ይቆማል። ልምድ ያለው አስፈሪ ከፊት አይመጣም፤ ከፊት ከመጣ ሰው ወደኋላ ሸሽቶ ይደራረባል። ከጎን ወይም ከኋላ ሲመጣ ግን ቡድኑን ወደፊት ይነዳዋል። ዓይንን ለማዘናጋት በስተግራ አሻንጉሊት ላይ መብራት ይበራል፣ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ሲዞር በስተቀኝ የግድግዳው ቁራጭ በኃይል ይወድቃል። ከጨለማው ኮሪደር በፊት ደማቅ መብራት የሚኖረውም በምክንያት ነው፤ ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በታመቀ አየር የሚዘል አሻንጉሊት ለመጀመሪያው ሰው ይሠራል፤ ሦስተኛው ሰው ድምፁን አስቀድሞ ስለሰማ አይበገርም። ተዋናይ ግን የሰውን ፊት አይቶ ጊዜውን ያስተካክላል፣ በዚህ ረገድ ማሽን አልተካውም።

ጉሙ ከውሃና ከግላይኮል ይሠራል። ሲበዛ ወለሉን ያንሸራትታል፣ ተራውን የጭስ መለያ መሣሪያም ያስጮኻል። በሚሽከረከረው ዋሻ ውስጥ የሚዞረው በዙሪያህ ያለው ግድግዳ ነው፣ የምትሻገርበት ድልድይ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም፤ ዞሮብህ ከሆነ መያዣውን ይዘህ ዓይንህን ጨፍን፣ ማዞሩ ወዲያው ይቆማል።

ፍርሃት በበዛ ቁጥር ደስታ ይበዛል የሚለውም ትክክል አይደለም። ዴንማርክ ቬይሌ ውስጥ ባለ የመናፍስት ቤት በ110 ጎብኚዎች ላይ የተደረገና በ2020 የታተመ ጥናት ደስታው ከፍ የሚለው ፍርሃቱ መካከለኛ ሲሆን እንደሆነ አሳይቷል።

ለመሄድ የሚመረጠው ሐሙስ ወይም እሑድ፣ ከኦክቶበር መጨረሻ ራቅ ብሎ ነው። የኦክቶበር ቅዳሜዎች ሰልፍ ረጅም ነው፤ ቡድኖቹም ተጠጋግተው ስለሚለቀቁ የፊተኛውን ጩኸት እየሰሙ መሄድ ይሆናል። ተረከዝ የሌለው ሽፍን ጫማ ይደረግ። ስልክ ከኪስ አይውጣ፤ የስክሪን ብርሃን የሌሎችንም ጨለማ ያበላሻል። ሰልፍ ላይ ስም ባለመጠራራት ከአንድ ነገር መዳን ይቻላል፦ አስተናጋጆች ሰምተው ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ፣ ጨለማ ውስጥም ስሙ በጆሮ ይንሾካሾካል። መሪ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ይታለፋል፣ ሰው ጀርባ የተደበቀው ግን ይመረጣል። የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበትና ነፍሰ ጡር ሴት በር ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ አለባቸው፤ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት በተለይ የሚጥል በሽታ ላለበት አደገኛ ነው።

በአብዛኞቹ ቤቶች ተዋናይ ጎብኚን አይነካም፣ ጎብኚም ተዋናይን። ሲደነግጡ እጅ መሰንዘር የተለመደ ስለሆነ ተዋናዮች ከክንድ ርቀት ውጭ ወይም ከአጥር ጀርባ ይቆማሉ። መቀጠል ያቃተው ሰው ቆሞ በግልጽ ድምፅ «መውጣት እፈልጋለሁ» ቢል በጎን በር ያወጡታል። መብራቱ በድንገት በርቶ ድምፁ ከቆመ ግን የትርኢቱ አካል ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ወደ ቅርቡ መውጫ መሄድ ነው።