ኦማ፦ የጃፓን የቱና ከተማ በመጸው ወራት

ኦማ የጃፓን ትልቋ ደሴት የሆንሹ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ 5 ሺህ አይሞሉም። ስሟ ግን ቶኪዮ ላይ እንደ ወርቅ ይጠራል፤ ምክንያቱ ብሉፊን የሚባለው ግዙፍ የቱና ዝርያ ነው።

ቱና ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሱፐርማርኬት የተደረደረው ቆርቆሮ ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኦማ ላይ የተያዘ አንድ ቱና 440 ኪሎ መዝኗል፤ በቁመቱ ልክ ሐውልት ሠርተውለታል።

ከተማዋ ፊት ለፊት የፁጋሩ የባሕር ሰርጥ አለ። ሞቃቱ የጃፓን ባሕር ውሃ በዚያ አልፎ ወደ ፓሲፊክ ይወጣል፤ ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃም እዚያው አካባቢ ያገኘዋል። ስለዚህ ስኩዊድ የሚባለው ባለ ብዙ እጅ የባሕር እንስሳና ትናንሽ ዓሣ ይበዛል። ቱናውም ይህን ተከትሎ ይመጣል። አጠማመዱ ከነሐሴ አካባቢ እስከ ጥር ይዘልቃል። ከመስከረም በኋላ ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ዓሣው ስብ ያጠራቅማል፤ ገዢ የሚፈልገውም እሱን ስብ ነው።

ብዙዎቹ የሚያጠምዱት በትንሽ ጀልባ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃል። በድምፅ ሞገድ ዓሣ የሚፈልግ መሣሪያ (ሶናር) ቢኖራቸውም ዓይናቸው ከሰማይ አይነቀልም። ወፎች ውሃው ላይ ካንዣበቡ ከሥር ትናንሽ ዓሣ አለ፣ ቱናም አይጠፋም። መንጠቆ ላይ ሕያው ስኩዊድ ወይም ዓሣ ሰክተው ይጥላሉ። ነዳጅ አቃጥሎ ባዶ እጅ መመለስ የተለመደ ነው።

ዋናው ጣጣ የሚጀምረው ዓሣው ከተያዘ በኋላ ነው። ብሉፊን ሲታገል ገላው ይሞቃል። ሙቀቱ ቶሎ ካልወጣለት ሥጋው ይገረጣል፣ መጣጣ ይሆናል፣ ዋጋው ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ትግሉን ለማሳጠር በክሩ ላይ የኤሌክትሪክ ቀለበት ቁልቁል ይለቁበታል፤ ይደነዝዛል። ጀልባው አጠገብ ሲደርስ በጦር ይወጉታል። ወዲያው ደሙን ያፈሱታል፣ ሆድ ዕቃውን አውጥተው በበረዶ ይሞሉታል። እንደ እኔ ግምት፣ የዓሣው ዋጋ የሚቆረጠው ጨረታው ላይ ሳይሆን እዚያው ጀልባዋ ላይ ነው።

ጨረታው ቶኪዮ፣ ቶዮሱ ገበያ ነው። በ2019 የአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ጨረታ ላይ 278 ኪሎ የኦማ ቱና 333.6 ሚሊዮን የን ወጣለት፤ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው። ወሬው ዓለምን ያዳርሳል እንጂ የዘወትር ዋጋ አይደለም። ሱሺ (ሩዝ ከጥሬ ዓሣ ጋር) የሚሸጡ ምግብ ቤቶች ለማስታወቂያ ነው የሚፎካከሩት።

ችግሩ ኮታው ነው። የፓሲፊክ ብሉፊን ክፉኛ ተመናምኖ ስለነበር ጃፓን ከ2018 ጀምሮ መያዝ የሚፈቀደውን መጠን በሕግ ወስናለች። በ2023 ኦማ ላይ የተያዘ ቱና ሳይመዘገብ ተሽጧል ተብሎ ነጋዴዎች ታሰሩ። በቀጣዩ ዓመት የዓሣ ሕጉ ተሻሽሎ በትላልቅ ብሉፊኖች ላይ የሚደረገው ቁጥጥር ጠበቀ።